የፓፓያዋ ጎረቤት

ተረት ተረት፤ ዛሬስ የላም በረት ሳይሆን የአትክልት መደብ።

ቀትር ቅጠሉን ሁሉ በሚያስተኛበት በአንድ የቆላ ጓሮ ሁለት ፓፓያዎች ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። ሴቲቱ ፍሬዋን እንደ ድሪ ባንገቷ ደርድራ በኩራት ታንቀላፋለች፤ ወንዱ ነጭ አበባውን ከማርገፍ በቀር ሥራ ያለው አይመስልም።

«አያ ሙሽራው፣ ዕድሜህን ስታጌጥ ጨረስኸው፤ ለመሆኑ ሠርጉ መቼ ነው?» አለችው በእንቅልፍ ልቧ።

«ሠርጉማ በየማለዳው ነው፣ እመቤቴ። ሽማግሌዎቹ ንቦች ከእኔ ወደ አንቺ ይመላለሳሉ፤ አንቺ ተኝተሽ ነው እንጂ» አላት።

እርሷም ቅጠሏ እስኪርገፈገፍ ሳቀች። በዚያው ሰሞን የጓሮው ጌታ ምሳሩን ይዞ መጣና «ከሁለታችሁ መሬቴን በከንቱ የያዘው ማነው?» ሲል ጠየቀ።

«እርሱ ነዋ፣ ጌታዬ! ውሃዬን እየጠጣ ይኳኳላል» አለች።

ወንዱ ተቆርጦ ወደቀ። ንቦቹ ጉቶውን ጥቂት ዞሩና አጥሩን ተሻግረው ሄዱ። እርሷም ውሃውን ብቻዋን እየጠጣች ጣፋጭ ሕልም አየች።

የከርሞው አበባዋ ግን እየፈካ ረገፈ፤ አንገቷም ባዶውን ቀረ። አንድ ቀትር ላይ ምሳር ሲሳል በሕልሟ የሰማች መሰላት። «ደግሞ ማን ሊቆረጥ ይሆን?» ብላ ጎረቤቷን ልትጠይቅ ዘወር አለች። ከጎኗ ጉቶ ብቻ ነበር።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በፓፓያ አብሱ፤ ከተገኘ።