ወፎቹ የማን ናቸው?

ዛሬ «ተረት ተረት» አልላችሁም፤ «የላም በረት» እንድትሉኝም አልፈልግም። ተቆጥቻለሁ። ያንን ወንጭፍ ወዲያ ጣሉት። በቅርጫት የያዛችሁትን እንቁላልም እዚህ ከፊቴ አስቀምጡት፤ ቀስ ብላችሁ፣ እንዳይሰበር። የየትኛው ወፍ እንቁላል እንደሆነ ታውቃላችሁ? አታውቁም። ቁጭ በሉና ስሙ።

ድሮ፣ የአያቴ አያት ገና ሳትወለድ፣ በጣና ሐይቅ ውስጥ አንዲት ትንሽ ደሴት ነበረች። ከአንዱ ዳር ሲጣሩ በሌላው ዳር ይሰማል። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ወፎቹ ወደዚያች ደሴት ይመጡ ነበር። ዝዩ ይመጣል። ሳቢሳው ይመጣል። ከምንቃሩ ስር ከረጢት ያንጠለጠለው ሻላ ይመጣል። በሐይቁ ዳር በበቀለው ደንገል ውስጥ ጎጆ ይሠራሉ፣ እንቁላል ይጥላሉ፣ ይታቀፋሉ። ጉማሬው እንኳ በዚያ ሰሞን ደንገሉን ላለመርገጥ ዞሮ ነበር የሚያልፈው ይላሉ። ጉማሬ ከሰው ይሻላል አልልም፤ ግን ዞሮ ያልፍ ነበር።

የደሴቲቱ ሰውም ሕግ ነበረው። ጫጩት ክንፍ እስኪያወጣ ድረስ ደንገል አይታጨድም፤ በደንገሉ ታንኳ መሥራት ያማረው ይቆያል። እንቁላል አይነካም። በውሃው ዳር ያለችው ማሳ ደግሞ ዳጉሳ ይዘራባታል እንጂ አትታጨድም። «የወፍ ፈንታ» ትባላለች። ወፎቹ ፈንታቸውን ይበላሉ፣ የሰውን ማሳ ይተዋሉ። ጠዋት ጠዋት ሻላው ውሃው ላይ ሲወርድ ዓሣ አስጋሪው ታንኳውን ይዞ ይከተለዋል፤ ሻላ ያረፈበት ዓሣ አይጠፋምና። እንዲህ ተካፍለው ይኖሩ ነበር።

በዚያች ደሴት ዘርፌ የምትባል ባሏ የሞተባት አሮጊት ነበረች። ሥራዋ ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ ማየት ነው። በሌላ አገር ማማ ላይ የሚወጣ ሰው ወንጭፍ ይዞ ነው የሚወጣው፤ እሷ ግን ባዶ እጇን ትወጣለች። ሻላው ወዴት እንደወረደ አይታ ለዓሣ አስጋሪዎቹ ትጣራለች። እነሱም ሲመለሱ አንድ አንድ ዓሣ ይሰጧታል። በዚያና ከትንሽ ማሳዋ በምታገኘው ዳጉሳ ትኖራለች። ሌላ ጧሪ የላትም። ወፍ ከሌለ ዘርፌም የለችም።

ታዲያ በዚያች ደሴት ላይ ጓንጉል የሚባል ጭቃ ሹም ተሾመ። ሆዳም ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ይህን ተረት ያወጣውን ሰው ባገኘው ኖሮ በዱላ ነበር የማነጋግረው።

ጓንጉል ከታንኳው እንደወረደ ሰማዩ በወፍ ተሞልቶ አየ።

«እነዚህ ወፎች የማን ናቸው?» አለ።

«የማንም አይደሉም» አሉት።

«የማንም ያልሆነ የሹም ነው» አለ። አዋጅም አስነገረ። «ወፎቹ የጭቃ ሹም ጓንጉል ናቸው። በወንጭፍ የመታ፣ በድንጋይ ያባረረ ይገረፋል።»

ሰዉ ደስ አለው። ወፎቻችንን ሊጠብቅልን ነው ብሎ አሰበ። ሞኝ ሰው።

በማግስቱ ጓንጉል ቅርጫት አስይዞ ደንገሉ ውስጥ ገባ። «የወፎቼ እንቁላል የኔ ነው» አለ። ለቀመ፣ ጠበሰ፣ በላ። ቅርጫቱን የያዙለት እነማን ነበሩ? የደሴቲቱ ሰዎች። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ተባባሉ። ጓንጉል ደግሞ ንጉሥ አልነበረም፤ ጭቃ ሹም ነበር።

ዘርፌ ከማማዋ ወርዳ መጣች።

«ጌታዬ፣ ወፎቹ የማን ናቸው?» አለች።

«የኔ ናቸዋ።»

«ሰው ይስማ?»

«ይስማ።»

እጅ ነስታ ተመለሰች።

ቆየና ጓንጉል ማጭድ አስይዞ ደንገሉ ውስጥ ገባ። «የወፎቼ ቤት የኔ ነው» አለ። ደንገሉ ታጨደ፣ ታሰረ፣ በታንኳ ተጭኖ ወደ ማዶ ገበያ ሄደ። ገና ላባ ያላበቀሉ ጫጩቶች ውሃ ላይ ተበተኑ። ማጭዱን የያዙት እነማን ነበሩ? እነዚያው ሰዎች።

ዘርፌ ከማማዋ ወርዳ መጣች። እንባዋ ይወርድ ነበር።

«ጌታዬ፣ ወፎቹ የማን ናቸው?»

«የኔ ናቸው አልኩሽ እኮ።»

«ሰው ይስማ?»

«ይስማ።»

እጅ ነስታ ተመለሰች። ሰዉም «አሮጊቷ ጃጀች» ብሎ ሳቀባት።

ዳጉሳው ሲደርስ ጓንጉል ወደ ወፍ ፈንታ ገባ። «የወፎቼ ቀለብ የኔ ነው» አለ። አንዲት ዘለላ ሳይቀር አሳጭዶ፣ አስወቅቶ፣ በጎተራው ከተተው። ተሸካሚዎቹ እነማን እንደነበሩ አልነግራችሁም። ታውቃላችሁ።

ዘርፌ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች።

«ጌታዬ፣ ወፎቹ የማን ናቸው?»

ጓንጉል ተናደደ። «አንቺ አሮጊት፣ ጆሮሽ አይሰማም? ንጉሥ ይሙት የኔ ናቸው። ከነላባቸው፣ ከነኩሳቸው የኔ ናቸው።»

«ሰው ይስማ?»

«አገር ይስማ።»

አገር ሰማ። ዘርፌ እጅ ነስታ ተመለሰች።

እንግዲህ ወፎቹ ምን ይሁኑ? ቤታቸው ፈርሷል። ፈንታቸው ታጭዷል። ራባቸው። ከዚያ በፊት ነክተውት ወደማያውቁት ወደ ሰው ማሳ ገቡ። ዝዩ ገባ፣ ሌላውም ወፍ ተከተለ። አንድ ጠዋት ሰዉ ሲነሳ የደሴቲቱ ዳጉሳ አገዳ ብቻ ቀርቶት ቆሟል። የዘርፌ ማሳም እንደዚያው።

ሰዎቹ ወንጭፋቸውን ይዘው ወጡ። ግርፋቱንም ረሱት። ዘርፌ ፊታቸው ቆመች።

«አትምቱ» አለች።

ይርዳው የሚባል ዓሣ አስጋሪ ጮኸባት። «እታለም፣ አብደሻል? የኔም ማሳ አለቀ፣ ያንቺም አለቀ። ምን በልተን ልንከርም ነው?»

«የሰው ከብት ማሳችሁ ውስጥ ሲገባ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ባለቤቱን እንከሳለን።»

«ታዲያ ለምን ከብቱን ትደበድባላችሁ? ባለቤቱን እኔ እከሰዋለሁ፤ እናንተ መስክሩ። ቅርጫት ስትይዙለት አፋችሁ ተዘግቶ ነበር። አሁን ክፈቱት።»

ይርዳው አፈረ። ወንጭፉን መሬት ላይ ጣለው።

ዘርፌ ከሰሰች፤ ዳኛውም ከማዶ መጡ። በሾላው ዛፍ ስር ተቀመጡ፤ የደሴቲቱ ሽማግሌዎች በግራና በቀኝ ሆኑ። ጓንጉል በበቅሎ መጣ። ከቤቱ እስከ ሾላው ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል፤ እሱ ግን በበቅሎ መጣ።

ዘርፌ ነጠላዋን አደግድጋ ቆመች።

«ጌቶቼ፣ የሰው ከብት አዝመራ ቢበላ ፍርዱ ምንድን ነው?»

«ባለከብቱ ይክሳል» አሉ ሽማግሌዎቹ። «የአባቶቻችን ሕግ ነው።»

«አዝመራችንን የበላው የጭቃ ሹም ጓንጉል ከብት ነው። ይካሰን።»

ጓንጉል ሳቀ። «የኔ በሬ ነው ማሳሽ የገባው? ላሜ ናት?»

«ወፎችህ ናቸው» አለች። በሙግት ጊዜ ሹም የለምና አንተ አለችው። «ተጠየቅ። ወፎቹ የማን ናቸው?»

የጓንጉል ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ተጠየቅ። እንቁላላቸውን የበላኸው የኔ ናቸው ብለህ ነው። ደንገሉን ያጨድከው የኔ ናቸው ብለህ ነው። ፈንታቸውን በጎተራህ የከተትከው የኔ ናቸው ብለህ ነው፤ ንጉሥ ይሙት ብለህም ምለሃል። የኔ ናቸው ካልክ አዝመራችንን ክፈል። የኔ አይደሉም ካልክ የበላኸው የስርቆት ነው።»

ጓንጉል ወዲያ ወዲህ አየ። የደሴቲቱን አዝመራ ሁሉ መክፈል አስፈራው።

«ወፍ የእግዜር ነው!» አለ። «የሰማይ ወፍ ባለቤት አለው እንዴ?»

ዳኛው ቀና አሉ። «ንጉሥ ይሙት የኔ ናቸው ብሎ ሲምል የሰማ አለ?»

ከሰዉ መካከል ይርዳው ተነሳ። «እኔ ሰምቻለሁ። ቅርጫቱንም የያዝኩት እኔ ነኝ» አለ። ከሱ ቀጥሎ ሌላው ተነሳ። ከዚያ ሁሉም ተነሳ።

«እንግዲያው የእግዜርን ሰርቀሃል፣ በንጉሥም በሐሰት ምለሃል» አሉ ዳኛው። ፍርዱም ተሰጠ። ጎተራው ተከፍቶ ለባለማሳዎቹ ሁሉ ተሰፈረ። ሹመቱም ተነሳ፤ በቅሎውም ተወሰደች። ሲሾም በልቶ ሲሻር የቆጨው ሰው ጓንጉል ነው።

እዚህ ላይ እልል ልትሉ ነው። ቆዩ።

በዓመቱ መስከረም ጠባ። ሐይቁ ሞላ፣ አደይ አበባ ፈነዳ። ወፍ ግን አልመጣም። ዘርፌ ማማዋ ላይ ተቀምጣ ባዶ ሰማይ ታያለች። ዓሣ አስጋሪዎቹ ውሃው ላይ ሲባዝኑ ይውላሉ፤ መረባቸው ባዶውን ይወጣል።

ይርዳው ከማማው ስር መጣ። «እታለም፣ ተፈርዶልን የለም እንዴ?»

«እህሉ ተመለሰ» አለችው። «እንቁላሉን ማን ይመልሰው?»

ይርዳው ክረምቱ ሲገባ ሄዶ የወፍ ፈንታን ዘራ። ደንገሉም ሥር ሰዶ እስኪበቅል ሰዉ ታንኳ መሥራት ተወ። በሁለተኛው መስከረምም ወፍ አልመጣም። ዳጉሳው ሳይበላ ረገፈ። እንደገና ዘሩ።

በሦስተኛው መስከረም አንድ ጠዋት ሁለት ሻላዎች መጡ። ሁለት ብቻ። ውሃውን ዞሩት፣ ዞሩትና ደንገሉ አጠገብ ወረዱ። ዘርፌ አየቻቸው። ልትጣራ አፏን ከፈተች፤ ይደነግጣሉ ብላ በእጇ ያዘችው። ዓሣ አስጋሪዎቹም ታንኳቸው ላይ እንደተቀመጡ መቅዘፋቸውን ተዉ።

«ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» ይባላል። ጓንጉልን የጣለው የገዛ አፉ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ግን ጓንጉል ብቻ አይደለም፤ አንድ ሆዳም በሁለት እጁ ምን ያህል እንቁላል ይይዛል? የሚያናድዱኝ ቅርጫቱን የያዙለት ናቸው።

በሉ ተነሱ። ተረቴን መልሱ አልላችሁም፣ አፌንም በዳቦ አታብሱልኝ። እንቁላሎቹን ወደየጎጆአቸው መልሱ። ቅርጫቱን የያዝከው፣ አንተ ቅደም።