ጓሉ ደምስ ማን ነው?

ጉዳይ ያለበት ይሂድ፤ የቀረው ጠጋ ይበልና ይስማኝ።

እትዬ አስካለ አንዲት ትንሽ ነገር ፈለጉ። ስድስት ዓመት ሙሉ በስልክ ድምፅ ብቻ የቀረችባቸው እህታቸው እታፈራሁ ዛሬ ከጅማ በሚመጣ አውቶቡስ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለው የመንገድ መገንጠያ በኩል ታልፋለች። አውቶቡሱ ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ ይቆማል፤ የሚቆመውም ሾፌሩ እጁን ታጥቦ፣ በልቶ፣ እንደገና እስኪታጠብ ድረስ ነው። ከዚያ ጥሩምባውን ነፍቶ ይሄዳል። እትዬ አስካለ የፈለጉት ያችኑ ከመታጠብ እስከ መታጠብ ያለችውን ጊዜ ነው። የእህታቸውን ፊት ማየት፤ ሌላ ምንም።

አራት ተኩል ላይ ጌጡ የሚነዳው ባጃጅ ውስጥ ገቡ።

«በል ልጄ፣ ንዳው!»

ባጃጁ ሁለት ጊዜ አሳለና ዝም አለ። «ቤንዚን ካልጠጣሁ አልሄድም» አለ።

«ምን አለ?» አሉ እትዬ አስካለ ወደ ሞተሩ ጎንበስ ብለው። የማያውቁት ነገር ሲገጥማቸው ሳይጠይቁ አያልፉም።

«ጠማኝ ነው የሚለው እትዬ» አለ ጌጡ። «ማደያው እዚችው ናት፤ ገፍቼ አደርሰዋለሁ።»

ባጃጁ ካልጠጣ አይሄድም፤ ባጃጁ ካልሄደ እታፈራሁ አትታይም።

ማደያው ደረሱ። ከተማዋ ያላት ማደያ አንድ ነው፤ ማደያው ያለው ቱቦም አንድ። ቱቦው ተሰቅሎ «ስንዱ ካላነሳችኝ አላፈስም» አለ። ስንዱ ነዳጅ ቀጂዋ ናት፤ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ታያለች።

«ልጄ፣ ቱቦውን አንሺልን እስቲ።»

«ገንዘብ ገባ የሚል መልእክት እዚህ ስልክ ላይ ካላየሁ አላነሳም።»

እትዬ አስካለ የመቀነታቸውን ቋጠሮ ፈቱ። «ይኸውልሽ፣ በዓይንሽ እዪው።»

«በጥሬ ገንዘብ አንቀበልም እትዬ። ደንብ ነው። በስልክ ብቻ። ደግሞ ዛሬ ጠዋት ሁለት ባለ ባጃጆች ከፍለናል ብለው ምለው ተገዝተው አንድም መልእክት አልገባልኝም። ሌቦች!»

«ደንቡ ማን ነው? የት ነው የሚቀመጠው?»

ስንዱ ወደ ስልኳ ተመለሰች። ደንብ የት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

መልእክት ካልገባ ስንዱ አታነሳም፤ ስንዱ ካላነሳች ቱቦው አያፈስም፤ ቱቦው ካላፈሰ ባጃጁ አይጠጣም፤ ባጃጁ ካልጠጣ አይሄድም፤ ባጃጁ ካልሄደ እታፈራሁ አትታይም።

መልእክቱ ደግሞ «ስልክ ካልላከኝ አልገባም» አለ። ጌጡ ስልኩን አውጥቶ ወደ ማደያው ቢሮ ግድግዳ ሄደ። እዚያ ጥቁር ነጠብጣብ የሞላበት አራት ማዕዘን ወረቀት ተለጥፏል። እትዬ አስካለ አፍንጫቸው እስኪነካው ተጠጉት።

«ምስጥ ነው የበላው?»

«ኪውአር ነው እትዬ፣ የክፍያ ምልክት። እኛ አናነበውም፤ ስልኩ ያነበዋል። ካነበበው በኋላ እኔ አንዴ ጫን ማድረግ ብቻ ነው።»

«የማታነበውን ነገር ታዲያ እንዴት አመንከው?»

ጌጡ ሳቀ። ስልኩን ወረቀቱ ፊት ያዘ፤ ስልኩ ጢን አለ፤ ጌጡም አውራ ጣቱን አነሳ።

«ቆይ!» አሉ እትዬ አስካለ። «ይሄ የመጣው ጽሑፍ እንኳ የሰው ፊደል ነው። ምን ይላል?»

«ስም ነው። ጓሉ ደምስ ይላል።»

«ጓሉ ደምስ ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ? ባለማደያው ይሆናላ።»

እትዬ አስካለ ዞር ብለው ተጣሩ። «ስንዱ! ጓሉ ደምስ ማን ነው?»

«እንጃ!» አለች ስንዱ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበሯ ተነሳች። «ለእኛ ሲከፈል የሚመጣው ሦስት ግራር ማደያ የሚል ነው። የሰው ስም አይመጣም።»

የጌጡ አውራ ጣት አየር ላይ ቀረ። ስልኩም «የማደያው ስም ካልመጣ አልልክም» አለ።

ስሙ ካልመጣ ስልኩ አይልክም፤ ስልኩ ካልላከ መልእክት አይገባም፤ መልእክት ካልገባ ስንዱ አታነሳም፤ ስንዱ ካላነሳች ቱቦው አያፈስም፤ ቱቦው ካላፈሰ ባጃጁ አይጠጣም፤ ባጃጁ ካልጠጣ አይሄድም፤ ባጃጁ ካልሄደ እታፈራሁ አትታይም።

እትዬ አስካለ የወረቀቱን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱ። «ይሄ ነገር ለምንድን ነው ሁለት ከንፈር ያለው?»

እውነትም ሁለት ነበር። ከታች በፕላስቲክ የተለበጠው የማደያው ወረቀት፣ ከላይ ሌላ ወረቀት በሙጫ። ስንዱ በጥፍሯ ሞከረች፤ የመጣላት ክር የምታህል ቅዳጅ ናት። ጌጡ ቢላዋ አወጣ።

«እንዳትነካው! ከቧጨርከው የታችኛውም ይበላሻል።»

«እሺ የሂሳብ ቁጥራችሁን ንገሪኝና በእጄ ልጻፈው።»

«ቁጥሩም እሱ ሥር ነው። በቃሌ አልያዝኩትም፤ የሥራ አስኪያጁ ስልክ ደግሞ ዝግ ነው።»

የታችኛው ስም «የተኛብኝ ወረቀት ካልተነሳ አልመጣም» አለ። የላይኛው ወረቀት ደግሞ «ሙቅ ጨርቅ ካልነካኝ አልነሳም» አለ።

ሙቅ ውሃ ያለው ጀሚላ ዘንድ ነው። ጀሚላ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ትሸጣለች፤ ማንቆርቆሪያዋ እንደተጣደ ነው፤ እሷ ግን አናቷ ላይ ነጠላ ጥላ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች።

«ጀሚላዬ፣ ሙቅ ውሃ ይኖርሻል?»

«አለኝ እትዬ። ለእርስዎ ሻይ በነፃ እቀዳለሁ። ለዚያች ለስንዱ ግን ጠብታ አልሰጥም።»

«ምን አድርጋሽ?»

«ጠዋት አንድ ባለ ኮፍያ ሰውዬ ግድግዳው ላይ ወረቀት ሲለጥፍ አየሁ። ሮጬ ሄጄ ነገርኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ፊደል ሳትቆጥሪ ስለ ኪውአር ልታስተምሪኝ ነው? ሻይሽን አፍዪ!› አለችኝ። እሱ አልበቃት ብሎ ከማደያው አጥር ጥላ አስነሳችኝ። ይኸው እየተጠበስኩ ነው። ‹በድዬሻለሁ› ካላለችኝ ውሃ የለም።»

ያዩትን ተናግሮ መባረር እንዴት እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል። እትዬ አስካለ ተዪው አላሏትም።

ስንዱ ካልካሰች ጀሚላ ውሃ አትሰጥም፤ ውሃ ካልተሰጠ ጨርቁ አይሞቅም፤ ጨርቁ ካልሞቀ ወረቀቱ አይነሳም፤ ወረቀቱ ካልተነሳ ስሙ አይመጣም፤ ስሙ ካልመጣ ስልኩ አይልክም፤ ስልኩ ካልላከ መልእክት አይገባም፤ መልእክት ካልገባ ስንዱ አታነሳም፤ ስንዱ ካላነሳች ቱቦው አያፈስም፤ ቱቦው ካላፈሰ ባጃጁ አይጠጣም፤ ባጃጁ ካልጠጣ አይሄድም፤ ባጃጁ ካልሄደ እታፈራሁ አትታይም።

እትዬ አስካለ መንገዱን ተሻግረው ተመለሱ። አምስት ሰዓት አልፏል።

«እኔ? ሻይ ሻጭ ይቅርታ ልጠይቅ?» አለች ስንዱ። «እትዬ፣ እኔ እኮ ዲፕሎማ ያለኝ ሰው ነኝ!»

«ዲፕሎማሽ ሰውየው ሲለጥፍ አይቶታል?»

ስንዱ ስልኳን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

«እሷ አየች፤ አንቺ አላየሽም። የሆነው ይኸው ነው ልጄ። እኔ እህቴን ሳላያት ብቀር በማን አሳብቤ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ?»

ስንዱ ግድግዳውን አየች። «እነዚያ ልጆች ለዚህ ጓሉ ለተባለው ከፍለው ኖሯል እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ሌቦች ያልኳቸው።» ከዚያ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች መንገዱን ተሻገረች።

«ጀሚላ፣ ነገርሽኝ፤ አልሰማሁሽም። ከጥላሽም አስነሳሁሽ። በድዬሻለሁ።»

«መኪና አልፎ አልሰማሁም።»

«በድዬሻለሁ!»

«አሁን ሰማሁ» አለች ጀሚላ፣ ማንቆርቆሪያዋንም አነሳች። «እሳቱን ወደ ቤንዚን አላስጠጋም፤ ውሃውን ግን ውሰጂ።»

ስንዱ ስትክስ ጀሚላ ውሃ ሰጠች፤ ውሃው ጨርቁን አሞቀ፤ ጨርቁ ወረቀቱን አላቀቀ። ስንዱም የተላቀቀውን ለፖሊስ ብላ ፖስታ ውስጥ ከተተችው። ጌጡ ስልኩን የታችኛው ፊት ያዘ፤ አውራ ጣቱን ግን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነበር።

«ምን ይላል?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ሦስት ግራር ማደያ።»

«ስንዱ፣ የእናንተ ነው?»

«የኛ ነው!»

ስሙ መጣና ስልኩ ላከ፤ ስልኩ ላከና መልእክቱ ገባ፤ መልእክቱ ገባና ስንዱ ቱቦውን አነሳች፤ ቱቦው አፈሰሰ፤ ባጃጁ ጠጣ፤ ባጃጁ ሄደ! ሲሄድ እትዬ አስካለ በኋላ መስኮት አዩ፤ ስንዱ የጀሚላን በርጩማ በሁለት እጇ ይዛ ወደ አጥሩ ጥላ ትመልሳለች።

መገንጠያው ሲደርሱ ሾፌሩ ሁለተኛውን መታጠብ ታጥቦ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ ጥሩምባውን ነፍቷል። አንዲት ሴት አንድ እግሯን ደረጃው ላይ፣ አንድ እግሯን መሬት ላይ አድርጋ መንገዱን ታያለች።

«እታፈራሁ!»

«አስካለ? ውይ፣ አርጅተሻል!»

«አንቺስ? ጥርስሽን የት ጣልሽው?»

«እናቶች፣ እንሂድ እንጂ!» አለ ሾፌሩ።

«ዝም በል አንተ፣ ስድስት ዓመት ነው!» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ፣ ሾፌሩም ሞተሩን አጠፋ። እትዬ አስካለ የእህታቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አገጯን አንድ በአንድ አዩ።

እታፈራሁ ታየች።