የሸክላ ሠሪዋ ችካሎች

ተረት ተረት።
«የመሠረት!»
ጠጋ ጠጋ በሉ እስቲ። በሩንም ገርበብ አድርጉት። ይህኛው የሚያስፈራ ነው።

በድሮ ዘመን ከአንድ ተራራ ሥር አንድ መንደር ነበረ። ሰዎቹም ለማገዶ፣ ለቤት እያሉ የተራራውን ዛፍ ቆርጠው ጨረሱትና ዳገቱ ራቁቱን ቀረ። አንድ ነሐሴ ዝናቡ ሳያባራ ዘጠኝ ቀን ዘነበ። በአሥረኛው ቀን ንጋት ላይ ዳገቱ ተናደና የመንደሩን እኩሌታ ቀበረው። ደርቤ የሚባል ገበሬ ነበረ። ሚስቱ ዘርፌ ከነቤቷ ተቀበረች። ሰባት ቀን ቆፈሩ። አላገኟትም።

ከዚያም የተረፉት ተሰበሰቡ። ሽማግሌው አባ ጓንጉል፦ «እዚያው እንሥራ። ውኃው ቅርብ ነው፤ መሬቱም ያባቶቻችን ነው» አሉ። ሰዉም እሺ አለ።

ከመንደሩ ዳር እናኑ የምትባል ሸክላ ሠሪ ብቻዋን ትኖር ነበር። ሰዉ «ቡዳ ናት» እያለ ይፈራታል። ገንቦዋን ይገዛል፤ ቤቷ ግን አይገባም። እሷም መጣችና ራቅ ብላ ቆመች፦

«አባ፣ እዚያ አትሥሩ። ከሥሩ ያለው እኔ ገንቦ የምሠራበት ጭቃ ነው። ውኃ ሲጠጣ ይንሸራተታል። አሁንም አልቆመም፤ እየሄደ ነው።»

ደርቤ ተነሣ። ዓይኑ ደም መስሏል።
፦ «ተራራውን የበላሽው አንቺ ነሽ። አሁን ደግሞ ከሚስቴ መቃብር ልትነቅይኝ መጣሽ?»

ከሰዉም አንዳንዱ ድንጋይ አነሣ። እናኑ ግን አልሸሸችም።
፦ «እኔን አትመኑኝ። ከዚህ ቋጥኝ እስከዚያ ቋጥኝ ድረስ ችካል በአንድ መስመር ትከሉ። ሰባት ቀን ጠብቁ። ካልተነቃነቀ ያሻችሁን አድርጉኝ።»

ሃያ ችካል ተከሉና በገመድ አስተካከሉት። ካፊያው ሲጥል ሰነበተ። በሰባተኛው ቀን ሄደው ቢያዩ፣ ከቋጥኞቹ አጠገብ ያሉት ችካሎች እንደ ቆሙ ናቸው። የመካከሎቹ ግን አንድ ክንድ ያህል ወደ ታች ወርደዋል። የሰው ዱካ የለም፤ የከብትም ዱካ የለም። አንዲት እናት ልጇን ወደ ደረቷ ሳበች። አባ ጓንጉልም ቀስ ብለው እግራቸውን አነሡ።
፦ «እንውጣ» አሉ። «ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉና እንውጣ።»

ከዚያም ማዶ ካለው ድንጋያማ ጉብታ ላይ ሰፈሩ። ቤቱን በድንጋይ ሠሩት። ለጣሪያው ከፍርስራሹ እንጨት ለቀሙ እንጂ የቆመ ዛፍ አልቆረጡም። ውኃው ራቀና ሴቶቹ አጉረመረሙ፤ ቢሆንም ወደ ታች ልመለስ ያለ አልነበረም። ደርቤ ብቻ «ዘርፌን ጥዬ አልሄድም» አለና እዚያው ናዳው ላይ ጎጆ ቀለሰ።

በዓመቱ ክረምት ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከዳገቱ ሥር ያለው ምንጭ ደፈረሰ። ከዚያም ተራራው ከውስጡ እንደ ወፍጮ ያጉረመርም ጀመር። ሰዉ ከጉብታው ላይ ሆኖ ደርቤን ተጣራ። አልወጣም። ሊወርድ የደፈረም የለም። እናኑ ወገቧን አሰረችና ወረደች። መሬቱ ከእግሯ ሥር ይርድ ነበር።

፦ «አያ ደርቤ፣ ይውጡ።»
፦ «ምን አገባሽ? ተዪኝ፣ ከሷ ጋር ልሙት።»
፦ «እኔም ፈርቻለሁ። ግን ጥዬዎት አልሄድም። ዘርፌ ገንቦ ልትገዛ ስትመጣ ቤቴ ገብታ ትቀመጥ ነበር። ከመንደሩ እሷ ብቻ። ባሏን ትቼ ብሄድ ምን እላታለሁ?»

ደርቤ ይህን አያውቅም ነበር። ቀና ብሎ አያትና ተነሣ። እጁን ያዘችውና አብረው ሮጡ። እግራቸው ቋጥኙን እንደ ረገጠ ዳገቱ ከኋላቸው ወረደ። ጎጆዋ አንዴ ብቅ አለችና ጠፋች። ሁለቱም ቋጥኙ ላይ ተቀምጠው እስኪመሽ ድረስ መነሣት አቃታቸው።

በማግስቱ አባ ጓንጉል ለእናኑ ከመንደሩ መካከል ቦታ ሰጧት። ዳገቱም ከእርሻ፣ ከከብትም ተከለከለ። ደርቤ ወይራና ዋንዛ ይተክልበት ጀመር፤ ሌላውም ተከተለው። ችግኙ ሥር ሰደደና አፈሩን ያዘው።

ፍርሃቱ ግን አልለቀቃቸውም። ደርቤ እስኪያረጅ ድረስ፣ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር፣ ከደጃፍ ደጃፍ እየዞረ እያንዳንዱን በስሙ ይጠራ ነበር። ሰውዬው «አለሁ» ካላለው ወደሚቀጥለው ቤት አይሄድም።
፦ «እናኑ፣ አለሽ?»
፦ «አለሁ፣ አያ ደርቤ። ይግቡ፤ ዝናቡ መጣ።»

ተረቴን መልሱ። እኔም ፈርቼ አፌ ደርቋልና፣ ከዚያ ከትኩሱ ዳቦ ቆረስ አድርጋችሁ አጉርሱኝ።