ሰላምታውን የቆጠረው ሻጭ

አንድ ሻጭ ነበረ። ሱቅ አልነበረውም፤ ሱቁ ስልኩ ነበር። ሰው የተጠቀመበትን የቤት ዕቃ ይገዛል፣ ያጥባል፣ ቀለም ይቀባል፣ ፎቶ ያነሳና በቴሌግራም ቻናሉ ላይ ይለጥፈዋል። ሌባ አልነበረም። አታላይም አልነበረም። ይህን ከመጀመሪያው ያዢልኝ ሰናይት፤ ታሪኩ የሌባ ታሪክ ቢሆን ኖሮ አንቺን ምን አገባሽ?

«ሳይገዛ አሥር ጥያቄ የሚጠይቀኝን ሰው ብሎክ ባደርገው ምን ነውር አለው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። በአንድ ቃል «አለው» ብልሽ ትስቂብኛለሽ። ስለዚህ ይህን ስሚኝ።

ሻጩ አንድ ሕግ ነበረው። በቻናሉ አናት ላይ ጽፎ አስቀምጦታል፦ «ቁም ነገረኛ ገዢ ብቻ። ከአምስት ጥያቄ በላይ የሚጠይቅ ይዘጋል። መደወል አይቻልም።» ሕጉ ከክፋት አልመጣም፤ ከድካም ነው የመጣው። በቀን ስንትና ስንት ሰው «አለ?» ይለዋል፤ «አለ» ሲል ሰውየው ይጠፋል። አንዱ «የመጨረሻውን ንገረኝ» ይላል። ሌላው ለአንድ ሶፋ ሃያ ፎቶ ያስነሳውና «እስቲ ባለቤቴን ላማክር» ብሎ በዚያው ይቀራል። ሚስቱ እስካሁን እየተማከረች ይሆናል። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ላስረዳሽ አልደክምም። በዚህ የተነሳ ሻጩ ጥያቄ መቁጠር ጀመረ። አምስት ሲሞላ ይጠብቃል፤ ስድስተኛው ሲመጣ በአውራ ጣቱ ጫን ያደርጋል፣ ሰውየው የለም። ለጓደኞቹም «ጠያቂ አይገዛም፣ ገዢ አይጠይቅም» ይላቸው ነበር። እነሱም ወደዷትና በየቻናላቸው ለጠፏት።

አንድ ቀን ከቆራሌው ላይ የውሃ ማሞቂያ ገዛ። ሻወር ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው፣ ሞላላው፣ ነጩ። ሲገዛው አዲስ ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ ከአንድ ጎኑ ጎድጎድ ከማለቱ በቀር ምንም እንከን አይወጣለትም።

እዚህ ላይ ሻጩ የማያውቀውን አንድ ነገር አንቺ እወቂ። ይህ ማሞቂያ ሰው ገድሎ ነበር።

እንዴት እንደሆነ ላስረዳሽ። በማሞቂያው ሆድ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚግል ብረት አለ። ብረቱ ውሃ ውስጥ የሚቀመጠው በቀጭን ልባስ ተሸፍኖ ነው። ልባሱ ሲሰነጠቅ ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃው ይወጣል፤ ውሃው ደግሞ በሚታጠበው ሰው ላይ ይወርዳል። ቢጫና አረንጓዴ የሆነችው ሽቦ የተሠራችው ለዚህ ነው፤ ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ትወስደዋለች። በብዙ ቤት ግን ያቺን ሽቦ የሚያስራት የለም። ምክንያቱም ያለ እሷም ውሃው ይሞቃላ! ነገሩ ክፉ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የሚገድለውም የማይገድለውም ማሞቂያ ውሃ ያሞቃሉ። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው።

አንድ ሽማግሌ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ። ይህን ማሞቂያ አንድ ወጣት ከሞተበት ቤት ያወረዱት እሳቸው ናቸው። ሲያወርዱት ከመሰላሉ ላይ አምልጧቸው ጎኑ ጎደጎደ። ከሥሩ በመፍቻ የኤክስ ምልክት ጫሩበት፤ ከምልክቱ ጎን በቀይ ቀለም «አደገኛ» ብለው ጻፉ። በመዶሻ ሊሰባብሩት ሲሉ የቤቱ ባለቤት «ይተዉት አባቴ፣ ለብረት ይሸጣል» አላቸው። ተዉት። ያን ቀን መዶሻቸውን ወደ ቦርሳ መመለሳቸው ሁልጊዜ ይቆጫቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ቀዩን ጽሑፍ ነጭ ቀለም ሸፈነው። የተጫረ ብረት ግን ቀለም ቢቀቡትም ለጣት ይታወቃል።

ሽማግሌው አንድ ጠዋት ስልካቸውን ሲያገላብጡ የሻጩን ፎቶ አዩ። የጎደጎደውን ጎን አዩ። ደነገጡ። ወዲያው ጻፉ።

«ሰላም ነው ልጄ?»

«እንዴት አደርክ?»

«ቤተሰብ ሁሉ ደህና?»

ሻጩ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አለ። ሰላምታውንም ቆጠረው!

«ማሞቂያው ገና አለ ወይ?»

አራት። «አለ» ብሎ መለሰ።

«ከሥሩ የተጫረ ነገር አለው ወይ ልጄ?»

አምስት። «ምንም የለውም። ንጹሕ ነው» አለ። አላየውም።

«እስቲ በጣትህ ዳሰስ አድርገህ ታይልኛለህ?»

ማሞቂያው ከጉልበቱ አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። እጁን ቢዘረጋ ይደርስበታል። እሱ ግን «ገባኝ፣ ጭረት ፈልጎ ዋጋ ሊሰብር ነው፤ የዚህ ዓይነቱን መች አጣሁት» አለና በአውራ ጣቱ ዘጋቸው።

ሽማግሌው ለምን ከመጀመሪያው በግልጽ አልተናገሩም ትይኝ ይሆናል። እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር። እሳቸው ባደጉበት አገር ግን ሰው ሰላም ሳይባል ጉዳይ አይነገረውም፤ ደህንነቱ ሳይጠየቅ መርዶ አይረዳም። ደግሞስ ጎኑ የጎደጎደ ማሞቂያ በከተማው ስንት አለ? ሳያረጋግጡ «ዕቃህ ሰው ገድሏል» ማለት የሰውን እንጀራ መዝጋት ነው። ለሰው እንጀራ ሲጠነቀቁ ጊዜ አለፈባቸው።

በዚያው ቀን አንዲት ሴት ለሻጩ ጻፈች፦ «ማሞቂያውን ወስጄዋለሁ። አድራሻዬ ይኸውና።» ሌላ ቃል የለም። ሻጩ ደስ አለው። ስሟንና አድራሻዋን ሸፍኖ መልእክቷን ፎቶ አነሳና በቻናሉ ላይ «ገዢ ማለት እንዲህች ናት! ተማሩ» ብሎ ለጠፈው። ብዙ ሰው አውራ ጣት ላከለት።

ሴትዮዋ ከእናቷ ጋር ልትኖር ቤቷን እያዘጋጀች ነበር። እናቷ ቁርጥማት አለባቸው፤ ለሕክምና ከገጠር ሊመጡ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ አጥንታቸውን ይሰብረዋል።

በማግስቱ ሽማግሌው የጎረቤታቸውን ስልክ ተዋሱ። አሁን ሰላምታውን ተዉት። በር ሳያንኳኩ ሰው ቤት የመግባት ያህል ከበዳቸው፤ ግን ተዉት።

«ማሞቂያው አለ?»

«ተሽጧል።»

«ለማን?»

ማሞቂያው ሴትዮዋ ቤት ከደረሰ ገና አንድ ሰዓት ቢሆነው ነው። ካርቶን ላይ ተኝቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለውን ሰው ይጠብቃል። ሰውየው የተቀጠረው ለከሰዓት በኋላ ነው። ጊዜ ነበረ እኮ ሰናይት! ሙሉ ግማሽ ቀን ነበረ።

ሻጩ አጠገቡ ለተቀመጠው ጓደኛው ስልኩን አሳየው። «ለማን ይለኛል ደግሞ!»

«የቀበሌው ሊቀመንበር ነዋ» አለ ጓደኛው። «መታወቂያ ይዘህ ቅረብ በለው።»

ሳቁ። ሻጩ «ደንበኛዬን ሊነጥቀኝ ነው» አለና ዘጋ። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው የዘጋው። የራሱን ሕግ እንኳን አልጠበቀም።

ሽማግሌው በዚያች ሰዓት ወፍራም ጣታቸው ፊደል በፊደል እየለቀመ ይጽፉ ነበር፦ «ልጄ ይህ ማሞቂያ ሰው ገድሏል እንዳይሰቀል ለገዛው ሰው ቶሎ ንገርልኝ።» ላኩት። መልእክት ሲላክ ከጎኑ አንዲት ምልክት ትወጣለች፤ ሲነበብ ሁለት ይሆናሉ። የእሳቸው አንድ ሆነች። ሲያዩዋት አንድ። ውሃ ጠጥተው ተመልሰው ሲያዩዋት አንድ። በቻናሉ ላይ የሻጩ ስም የለም፣ አድራሻ የለም፣ የአንበሳ ሥዕል ብቻ ነው ያለው። ስልኩን ለጎረቤታቸው መለሱና ቆራሌውን ፍለጋ ወጡ። ሰፈር ለሰፈር ሲዞሩ ሁለት ቀን ሄደ። በሦስተኛው ቀን ቆራሌው ተገኘና የሻጩን በር አሳያቸው።

ሻጩ ወጣ። ሽማግሌው ነገሩት። አሁንም ሰላምታ አልነበረውም።

«አላውቅም ነበር!» አለ ሻጩ። «በእግዚአብሔር፣ አላውቅም ነበር!»

«አዎ ልጄ» አሉት። «ልነግርህ ነበር። አሁን አድራሻው ወዴት ነው?»

ታክሲ ያዙ። ሻጩ መንገዱን ሁሉ ለሴትዮዋ ይደውል ነበር። መደወል አይቻልም ያለው ሰው እሱ ነው፣ አስታውሺ። ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ከታክሲው ወርደው ወደ ቅያሱ ሲታጠፉ በሩ ላይ ድንኳን ተተክሎ አዩ።

የሆነው እንዲህ ነው። እናቷ ገቡ፤ ከመንገድ የመጡ ናቸውና ሊታጠቡ ተነሡ። ልጅቱ «ቆይ እማዬ፣ በጣም እንዳይፋጅሽ እኔ ልሞክረው» ብላ ቀድማ ገባች። እናትየው ፎጣውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ከዚህ በላይ አልነግርሽም።

ሻጩ ወደ ድንኳኑ ገባ። የሟቿ ወንድም ፊት ቆሞ «ማሞቂያውን የሸጥኩት እኔ ነኝ» አለ። ወንድሟ አልመታውም፣ አልሰደበውም። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጠው። ከቦርሳዋ ውስጥ የተገኘ ነው፤ በእጇ ጽፋበታለች። የመጀመሪያው መስመር «ቀድሞ የማን ቤት ነበር? ለምን ነቀሉት?» ይላል። ቀጥሎ «የመሬቱ ሽቦ አለው?» ይላል። ከዚያ በታች ሌሎችም አሉ። ሁሉም ላይ በእስክሪብቶ መስመር ተሰምሮባቸዋል።

«ታዲያ ለምን አልጠየቀችኝም?» አለ ሻጩ።

«ምድጃ ልትገዛ ስትጠይቅ አንዱ ዘጋባት» አለ ወንድሟ። «ፍሪጅ ልትገዛ ስትጠይቅ ሌላው ዘጋባት። እማዬ ልትመጣ ቀን ቆርጣለች። ‹ይኼኛው ደግሞ ከዘጋብኝ እማዬን በምን አጥባታለሁ፣ ዝም ብዬ ልውሰደው› አለችኝ። አንተ የጻፍከውን አንብባዋለች እኮ።»

ሻጩ ከድንኳኑ አልወጣም። ጥግ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዞ ተቀመጠ። በሕግ ተጠየቀ አልተጠየቀ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ግን ማንም ምንም አልጠየቀውም። ለቀስተኛው ይገባል፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል፣ ያልፈዋል። እናትየው ከፊት ለፊቱ ተቀምጠው አንዴ ቀና ብለው አዩትና አንገታቸውን ደፉ። «ምነው ልጄ፣ ሳታየው ነው የሸጥከው?» ቢሉኝ ብሎ ተመኘ። ቢጠይቁት ይመልስ ነበር። እያንዳንዱን ይመልስ ነበር፤ ሳይቆጥር። ሦስት ቀን እየተመላለሰ ጠበቀ። የሚጠይቀው ሰው አልመጣም።

እንግዲህ ሰናይት፣ ወደ አንቺ ልመለስ። ሻጩ ማን እንደሆነ አውቀሻል፤ ስልክሽ እጅሽ ላይ ነው። እውነት ነው፣ ከመቶ ጠያቂ ዘጠና ዘጠኙ ጊዜሽን ሊበላ የመጣ ሊሆን ይችላል። አልክድሽም። ያ አንዱ ግን ግንባሩ ላይ ምልክት የለውም። እሱም እንደ ሌሎቹ «ሰላም ነው? አለ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። ዕቃሽን ከአንቺ በላይ የሚያውቀው ሰው የት እንዳለ አታውቂም፤ እጅሽን ይዞ ዕቃው ሥር ወዳለው ጭረት የሚወስድሽ ጥያቄው ብቻ ነው። ሻጩ «አላውቅም ነበር» ሲል አልዋሸም። አለማወቁን ግን በገዛ አውራ ጣቱ ነው የሠራው።

ሌላም አለ፤ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። አንዱን ጠያቂ ስትዘጊ የምትዘጊው እሱን ብቻ አይደለም። ቀጥሎ ሌላ ሻጭ ጋ ሲሄድ ጥያቄውን ሰርዞ ነው የሚሄደው። እንዲህ እየሆነ ሁላችሁም ጋ ዝም ብሎ የሚገዛ ሰው ይበዛል። እናንተም «ጥሩ ገዢ፣ አምኖን ወሰደ» ትላላችሁ። አምኗችሁ አይደለም፤ ፈርቷችሁ ነው።

ያቺ የምትሸጪያት የሕፃን አልጋ ገና ቤትሽ ናት አይደል? ዘንጎቿ የላሉት? «በዘንጎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ለኪልኝ» ስትልሽ የዘጋሻት ሴት አለች፤ እየሳቅሽ ነገርሽኝ። «ሰባተኛ ጥያቄዋ ነበር» አልሽኝ። ስለዚህ ለጠየቅሽኝ መልሴ ይኸው ነው፤ አሁን እዚሁ ፊቴ ክፈቺላት። መጀመሪያ ደህና መሆኗን ጠይቂያት። ከዚያ ስምንተኛው ምን እንደነበር ጠይቂያት።