ምንይችልና ባለክርኗ ሞተር

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ከኋላ ያላችሁም ስሙ። ይህ የሆነው በደጉ ዘመን ነው ይላሉ። ደግ ይሁን ክፉ እኔ አላውቅም፤ ሩቅ መሆኑን ግን አውቃለሁ። ያኔ ሰንበሌጥ አፋፍ ሃያ ያህል የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ወፍጮና አንድ ክሊኒክ ብቻ ነበራት። ከከተማዋ ሥር ገደሉ ነው፤ ከገደሉ ሥር ደግሞ ቆላው። የቆላ ሰው ሲታመም በቃሬዛ ተሸክመው ያወጡታል። መንገዱ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ስንቱ እመንገድ ላይ ቀርቷል።

በዚያ ክሊኒክ ምንይችል የሚባል ዘበኛ ነበር። ቀኝ እግሩ ከግራው ያጥራል፤ ሲራመድ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ይላል። ንግግር አያበዛም። ሰው ሰላም ሲለው ቆቡን አውልቆ ነው የሚመልሰው። በወጣትነቱ ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ የወፍጮውን ሞተር ዘይት ያጠጣ ነበር። ከዚያ ሌላ የሚነገርለት ነገር አልነበረውም።

አንድ ቀን ለክሊኒኩ ሞተር ሳይክል መጣለት። ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ሩቅ መንገድ እንዲሄድ የተሠራ። ሰንሰለት የለውም። ሁለቱ ሲሊንደሮቹ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ወደ ውጭ ወጥተዋል። ከፊት ሲያዩት እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ የቆመች ሴት ይመስላል። ሕዝቡ ይህን አይቶ “ባለክርኗ” አላት። የክሊኒኩ ድሬሰር፣ በሽተኛ የሚያክመው አቶ አስማረ፣ እሷ ላይ ተቀምጦ ቆላ ይወርድ ጀመር። የሙሉ ቀኑ መንገድ የሁለት ሰዓት ሆነ። በቃሬዛ የሚወጣ ሰው ጠፋ።

በሁለተኛው ዓመት ባለክርኗ ታመመች። ትነሳለች፣ ትንፈራገጣለች፣ ትጠፋለች። ዳገት አልወጣ አለች። ከትልቁ ከተማ አንድ መካኒክ ተጠርቶ መጣ። አያት፣ ነዳጅ ሰጣት፣ ራሱን ነቀነቀ።

“ይቺ አብቅቶላታል” አለ። “ዕቃዋም አገር ውስጥ የለም። ለዶሮ ማደሪያ አድርጓት።” ይህን ብሎ ሄደ።

ምንይችል ቆቡን አውልቆ ድሬሰሩ ፊት ቆመ።

“ጌታዬ፣ ዶሮዎቹ ከመግባታቸው በፊት እኔ ልያት?”

ድሬሰሩ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ግን ቁልፉን ሰጠው።

ምንይችል ሞተሯን አስነሳት። ጣቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ በቀኙ የጭስ ቱቦ ላይ ጠብ አደረገ፤ ውሃው ቸስ ብሎ ተነነ። በግራው ላይ ጠብ አደረገ፤ ውሃው እንደ እንባ ወርዶ መሬት ነካ። “አንዱ ክንዷ ብቻ ነው የሚሠራው” አለ። ጆንያ አነጠፈ። የግራውን ክዳን ፈታ። የፈታውን ብሎን ሁሉ በአፈታቱ ተራ ጆንያው ላይ ደረደረ። ከሞተሯ ጋር የመጣ መጽሐፍ ነበር፤ ቋንቋውን አያውቅም፣ ሥዕሉን ግን ያያል። ሥዕሉ ላይ በሁለት ብረቶች መካከል ቀጭን ስስ ነገር ሲያልፍ ይታያል። በባለክርኗ ላይ ግን ሁለቱ ብረቶች ተጣብቀዋል። ምንም አያሳልፉም። ሥዕሉ አጠገብ ቁጥር ተጽፏል፤ ጭስ በሚያስወጣው በኩል ደግሞ የዚያ እጥፍ።

ምንይችል ያን ቁጥር የት እንዳየው አሰበ። አንድ ቀን ሙሉ አሰበ። በማግስቱ ጢሙን ሊላጭ ምላጭ ሲያወጣ የምላጩ መጠቅለያ ላይ ያው ቁጥር የምላጩ ውፍረት ሆኖ ተጽፎ አየ። ግማሽ ፊቱን ሳሙና እንደተቀባ ሮጠ። ነዳጅ ለሚያስገባው በኩል አንድ ምላጭ፣ ጭስ ለሚያስወጣው በኩል ሁለት ምላጭ ደርቦ፣ ምላጩ ጥቂት እየያዘ እስኪያልፍ ድረስ ብሎኑን አላላ። ክዳኑን ገጠመ። አስነሳት። ባለክርኗ በሁለቱም ወገን እኩል ተነፈሰች። ድሬሰሩ ከክፍሉ ወጥቶ ምንይችልን አቀፈው፤ ሳሙናው ነጭ ጋውኑ ላይ ተለጠፈ።

ከዚያ ወዲህ ሞተሯን የሚጠብቃት ምንይችል ሆነ። በየጊዜው ዘይቷን ይቀይራል፣ ብሎኗን ያጠብቃል፣ አቧራዋን በነጭ ጋዝ ያጥባል። ሕዝቡም ይህን ለመደው፤ ለምዶም ረሳው። ከቆላ የዳነ ሰው ሲመጣ ማሩን ለድሬሰሩ ሰጥቶ፣ በምንይችል አጠገብ አልፎ ይሄዳል። ምንይችል ቆቡን አውልቆ ይሸኘዋል።

ሁለተኛው ነገር እንዲህ ሆነ። አንድ ጠዋት ምንይችል ዘይት ቀይሮ እጁን ሊታጠብ ሄደ። በዚህ መሃል ከቆላ መልእክተኛ ደረሰ፤ አንዲት ሴት ምጥ ጠንቶባታል። ድሬሰሩ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሞተሯን አስነስቶ በረረ። ምንይችል ተመልሶ ጆንያውን ሲያራግፍ አንዲት ቀጭን የመዳብ ቀለበት ዱብ አለች።

ቀለበቷ የዘይት መውረጃው ቡሽ ሥር የምትገባ ናት። ያለ እሷ ዘይቱ ጠብ ጠብ እያለ ያልቃል። ዘይት ያለቀበት ሞተር ይነክሳል፣ ብረቱ ከብረት ተጣብቆ ይቆማል፤ የኋላው ጎማም አብሮ ቀጥ ይላል። ያ ቁልቁለት ላይ ቀጥ ካለ ድሬሰሩ ገደል ገባ ማለት ነው።

የመኪናው መንገድ አሥራ ሰባት ጊዜ ይጠማዘዛል። የፍየሎቹ መንገድ ግን ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ምንይችል የዘይት ጠርሙስና መፍቻ ቀበቶው ውስጥ ሸጉጦ፣ ቀለበቷን በጥርሱ ይዞ፣ በዚያ በፍየሎቹ መንገድ ወረደ። ወደቀ፣ ተነሳ። ወደቀ፣ ተነሳ። ሲወድቅም ጥርሱን አልከፈተም። ከታች በኩል መንገዱ ላይ ሲደርስ የባለክርኗን ድምፅ ከላይ ሰማ። መሃል መንገድ ላይ እጆቹን ዘርግቶ ቆመ።

ድሬሰሩ ፍሬን ይዞ፣ “ምን ሆነሃል አንተ ሰው? ደም በደም ሆነሃል እኮ!” አለው።

ምንይችል ቀለበቷን ከአፉ አውጥቶ አሳየው። “ሞተሯን ያጥፏት፣ ጌታዬ። ጥፋቱ የእኔ ነው።”

ዞረው ቢያዩ ከኋላቸው መንገዱ ላይ ጥቁር የዘይት መስመር ተሰምሯል። ሆዷ ውስጥ የቀረው አንድ ስኒ አይሞላም። ምንይችል ተንበርክኮ ቀለበቷን አስገባ፣ አጠበቀ፣ ዘይቱን ሞላ። ሲጨርስ የክሊኒኩን ቁልፎች ከአንገቱ አውልቆ ዘረጋ።

“ሌላ ሰው ይፈልጉ” አለ።

ድሬሰሩ ቁልፎቹን አልተቀበለም። “ሌላ ሰው ቢሆን እቤቱ ቁጭ ብሎ ይጸልይልኝ ነበር” አለው። “ና ከኋላዬ ውጣ። ከእንግዲህ አብረን ነው የምንሄደው።” አብረው ወረዱ። ሴትየዋም በሰላም ተገላገለች።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል። በመጋቢት ሙቀት ዋርካ ሜዳ በምትባለው የቆላ መንደር ማጅራት ገትር ገባ። ጠዋት ሲጫወት የነበረ ልጅ ማታ አንገቱ ይደርቃል። በሦስት ቀን ዘጠኝ ሰው ተቀበረ። ድሬሰሩ የመርፌውን መድኃኒት በሣጥን አሰረ፤ ምንይችል ከኋላ ተቀምጦ ሣጥኑን አቀፈ። ወረዱ።

ዋርካ ሜዳ ከመድረሳቸው በፊት የጥቂት ቤቶች መንደር አለች። እዚያ ሲቃረቡ ባለክርኗ ልቅ ድንጋይ ላይ ተንሸራተተች። በግራ ክርኗ ወደቀች። ምንይችል ሣጥኑን ደረቱ ላይ አድርጎ በጀርባው ወደቀ፤ አንድም ብልቃጥ አልተሰበረም። የግራው ክዳን ግን ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ዘይቱም ፈሰሰ።

በእግር እንሂድ ቢሉ ግማሽ ቀን ነው። ግማሽ ቀን ስንት ልጅ እንደሆነ ድሬሰሩ ያውቃል። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን ሸፈነ።

ምንይችል ግን የመንደሩን ሰው ጣሳ ለመነ። አንዱ የቲማቲም ጣሳ አመጣ። ጣሳውን ቀደደ፣ በድንጋይ ቀጠቀጠ፣ በክዳኑ ልክ አጎበጠው። ዘይት እንዳያሾልክ ከሥሩ የሚነጠፍ ነገር አጣ። የራሱን የቆዳ ቀበቶ ፈታ፣ በምላጭ ቆረጠው፣ አነጠፈው። ሱሪውን በገመድ አሰረ። ጣሳውን በሽቦ ጠፈረው።

“ዘይትስ?” አለ ድሬሰሩ።

ወይዘሮ ዘርትሁን የምትባል ሴት ይህን ሰምታ ወደ ቤቷ ሮጠች። ለጾሙ ያስቀመጠችውን የኑግ ዘይት በቅል ይዛ መጣች። “ይሆናል?” አለች።

ምንይችል ቅሉን ተቀብሎ፣ “ለዛሬ ይሆናል፣ እመቤቴ” አላት። የኑጉን ዘይት ሞተሯ ውስጥ ጨመረ።

ቀስ እያሉ፣ በየመሃሉ እያሳረፏት ሄዱ። የዋርካ ሜዳ ሰዎች መጀመሪያ የሰሙት ድምፅ ሳይሆን ሽታ ነው ይባላል፤ የተጠበሰ ኑግ ሽታ። በዚያ ቀን አርባ አንድ ሰው መርፌ ተወጋ። ከእነዚያ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ሞቱ።

ከፋሲካ በኋላ የቆላው ሰው ወደ ሰንበሌጥ አፋፍ ወጣ። በግ ጎተቱ፣ ማር ተሸከሙ፣ ክሊኒኩ ደጃፍ ቆመው ድሬሰሩን መረቁ። ድሬሰሩ ምርቃቱን መሃል ላይ አቋረጠ።

“ሳትጠሩት የቀረ ሰው አለ” አለ። ከጓሮ ብሎን እያጠበ የነበረውን ምንይችልን በእጁ ይዞ አመጣው። ሕዝቡ አየው። ብዙዎቹ ስሙን እንኳ አያውቁትም ነበር። አንድ ሽማግሌ ስሙን ጠየቁት፣ ነገራቸው፣ እስከ መሬት ጎንበስ ብለው አመሰገኑት።

ምንይችል አፈረ። “እኔ ሳልጠራው የቀረ ሰው አለ” አለ። “የኑጉን ዘይት የሰጠችን ወይዘሮ ዘርትሁን ናት።”

ወይዘሮ ዘርትሁን ከሴቶቹ መሃል ሆና፣ “ኧረ እኔም አለኝ!” አለች። “ኑጉን አብራኝ የጨመቀችው ጎረቤቴ ከድጃ ናት።”

ከድጃ ሌላ ጠራች። የተጠራውም ሌላ ጠራ። ማሩ ሳይበላ ፀሐይ አዘቀዘቀች ይባላል። በዚያ ቀን ሳይጠራ የቀረ ሰው አልነበረም፤ ጣሳውን የሰጠው እንኳ ተጠርቷል።

ምንይችል አርጅቶ በአልጋው ላይ ሞተ። ባለክርኗም ከእሱ በኋላ ጥቂት ዓመት ሄደች፤ ከዚያ ወዴት እንደወሰዷት አላውቅም። በሰንበሌጥ አፋፍ ግን እስከ ዛሬ፣ በሠርግም ሆነ በማኅበር፣ ምርቃት ሲያበቃ መራቂው “አሜን” አያስብልም። መጀመሪያ ዞር ብሎ፣ “ሳንጠራው የቀረ ማን አለ?” ብሎ ይጠይቃል። እንጨት የፈለጠው ይጠራል፣ ውሃ የቀዳችው ትጠራለች። ከዚያ በኋላ ነው አሜን የሚባለው።

አምና የውሃ ቧንቧው ሲመረቅ መራቂው እኔ ነበርኩ። ባለሥልጣኖቹ ንግግር አደረጉ፣ ተጨበጨበ፣ ሪባን ተቆረጠ። እኔም ጠየቅሁ። ኋላ አንዲት ሴት ከአጥሩ ጥግ የቆመች ወጣት ብየዳ ሠራተኛ አሳየችን፤ የብየዳ መነጽሯ ግንባሯ ላይ ነው፣ እጇ ጠቁሯል። ቧንቧውን ሁሉ የበየደችው እሷ ናት አሉ። ስሟን ጠየቅኋት። ነገረችኝ፤ ብርነሽ ትባላለች። ስሟን ጮክ ብዬ ጠራሁ፣ መረቅኋት።

ከዚያ በኋላ አሜን አልን፤ ቧንቧውም ተከፈተ።