የአንድ ቀን ሚስት

አንድ የጂፕሰም ሠራተኛ ነበረ። «እዚያ ማዶ ከተማ እጥፍ ይከፍላሉ፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብለህ የጠየቅኸኝን ሰምቻለሁ፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ስለዚህ ሰውዬ ልንገርህ።

የሰውየው ሥራ ሌሎች የገጠሙትን የጂፕሰም ሰሌዳ ማለስለስ ነው። በሁለት ሰሌዳ መሃል ያለው ክፍተት ላይ ወረቀት ይለጥፋል፣ ስቱኮ የሚሉትን ነጭ ልስን ያለብሰዋል፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። እጁ የተባረከ ነበር። እሱ ያለፈበትን ኮርኒስ አንጋጠህ ብታይ አንገትህ ይቀጫል እንጂ መገጣጠሚያውን አታገኘውም። ችግሩ፣ ከሥራ የሚመለሰው ከቅንድቡ እስከ ጫማው ነጭ ዱቄት ለብሶ ነው፤ ወፍጮ ቤት የዋለ ይመስላል።

በሚኖርባት ትንሽ ከተማ በቀን አምስት መቶ ብር ይከፈለው ነበር። ሚስትና ጡት ያልጣለች ሴት ልጅ ነበሩት። አንድ ቀን ከትልቁ ከተማ የመጣ ጓደኛው «እዚያ እኮ በቀን ሺህ ብር ነው» አለው። ሰውየው የዚያን ዕለት ምሳውን በቅጡ አልበላም፤ ሲደምር ነበር። ሺውን ብር በሥራ ቀኑ አባዛ። ከዚያ ላይ እዚችው ትንሽ ከተማ የሚከፍለውን የቤት ኪራይ፣ እዚችው የሚሸምተውን ሽሮና ዘይት ቀነሰ። የተረፈው ገንዘብ ራሱንም አስደነገጠው። ገቢውን በትልቁ ከተማ፣ ወጪውን በትንሿ ከተማ አሰላው ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ሂሳብ ሀብታም የማይሆን ሰው የለም፤ እኔም እሆን ነበር።

«ለፋሲካ አስመጣችኋለሁ» ብሎ ሚስቱን ከነልጇ እናቷ ቤት አስገብቶ ሄደ።

ሺውን ብር አገኘ፤ ጓደኛው አልዋሸም። ቤትም አገኘ፤ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴትዮ ግቢ ውስጥ፣ አልጋ ሲገባበት በሩ ግማሽ ብቻ የሚከፈት አንድ ክፍል። እትዬ አስካለ ክፉ ሴት አልነበሩም። ዓይናቸው ግን ሥራ አይፈታም። ሰውየው ነጥቶ ሲገባ በረንዳ ላይ ሆነው ያዩታል።

«ዛሬስ በጣም ነጥተሃል፣ ልጄ» ይሉታል።

«አዎ እትዬ፣ ሥራው በዝቷል።»

«እሰይ! እንግዲህ ኑሮውም እንደምታየው ነው፤ ከመጪው ወር ጀምሮ ሺህ ብር ትጨምርልኛለህ።»

አንድ ጊዜ ጨመረ። ሁለተኛም ጨመረ። በሦስተኛው ብልጠት መጣለት፤ ሥራ ቦታው ታጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ፣ ፀጉሩን አበጥሮ ወደ ቤት መግባት ጀመረ። እትዬ አስካለ ሳምንት ሙሉ ታዘቡትና በሩን አንኳኩ። «ልጄ፣ ሥራ ፈታህ እንዴ? እንዲህ ከሆነማ የሦስት ወር ቅድሚያ ካልከፈልከኝ አልችልም» አሉት። በማግስቱ ዱቄቱን እንደለበሰ ገባ። እንዲያውም ከግቢው በር ሳይደርስ ትከሻው ላይ ትንሽ ጨመረበት።

ፋሲካ መጣ፤ አላስመጣቸውም። «ለእንቁጣጣሽ» አለ። እንቁጣጣሽም አለፈ። በመሃሉ ፎርማኑ ሥራውን ወዶለት በቀን ሁለት መቶ ብር ጨመረለት። ሰውየው በደስታ እያፏጨ ወደ ቤቱ ሄደ፤ የጭማሪው ወሬ ግን ቀድሞት ደርሷል። ጎረቤት ክፍል የሚኖረው የሥራ ባልደረባው ለእትዬ አስካለ አውርቶ ጨርሷል። ኪራዩ እዚያው በረንዳ ላይ ጨመረ።

ሚስቱ የደወለችው ይህን ጊዜ ነው።

«ስንት ተረፈህ?» አለችው።

«አሁን እኮ በቀን ሺህ ሁለት መቶ ነው የማገኘው» አለ ደረቱን ነፍቶ።

«እሱን አልጠየቅሁህም። ብሩን ተወውና ቀኑን ንገረኝ። በወር ስንት ቀን ትሠራለህ?»

«ሃያ ስድስት።»

ሚስቱ ፊት ለፊቷ ካለው ሳህን ሃያ ስድስት ፍሬ የባቄላ ንፍሮ ቆጥራ ለየች። «የቤት ኪራይህን ለመክፈል ስንት ቀን ትሠራለህ?»

ሰውየው እንዲህ ተጠይቆ አያውቅም። በጣቱ ሲቆጥር ቆየና «ዘጠኝ ቀን» አለ። ዘጠኝ ባቄላ ወደ ዳር አደረገች።

«ለምግብስ?»

«ዘጠኝ። ምግብ ቤት ነው የምበላው።»

«ለታክሲ?»

«አራት።»

«ለውሃ፣ ለመብራት፣ ለሳሙና?»

«ሁለት። ዱቄቱ ሳሙና ይፈጃል።»

«ሌላስ?»

«አንድ ቀን ደግሞ ለስልክ ካርድ። ላንቺ ስደውል።»

ሚስቱ የስልኩንም ባቄላ ወደ ዳር አደረገች። «አንድ ፍሬ ቀረች» አለች በመጨረሻ። «እንግዲህ ዘጠኙን ቀን የእትዬ አስካለ ባል ነህ። ዘጠኙን ቀን የምግብ ቤቷ ሴትዮ ባል ነህ። አራቱን ቀን የታክሲው ረዳት፣ እሱስ ይቅር! እኔ በወር የአንድ ቀን ሚስት ነኝ ማለት ነው? እዚህ በአምስት መቶህ ስትኖር እኮ ለኪራይ የምትሠራው ሁለት ቀን ነበር። ስድስቱ ቀን ተርፎ የእኛ ነበር!»

«አንዷም ብትሆን ያንቺ ናት» አለ ቀስ ብሎ።

«እሷም የለችም። ስናወራ ልጅህ በላቻት።»

ስልኩ ሲዘጋ ሰውየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ስቀህ ከሆነ ሳቅ፤ እሱ ግን አለቀሰ። ያን ሁሉ ወር «ለእነሱ ስል ነው» እያለ ወገቡ እስኪቆረጥ ሠርቶ፣ ለእነሱ የሠራው አንድ ቀን ብቻ መሆኑን ያወቀው ገና ያን ሰዓት ነው።

ከዚያ በፊት አንድ ተቋራጭ ከሌላ መለስተኛ ከተማ ደውሎ «በቀን ስምንት መቶ እከፍልሃለሁ፣ ና» ብሎት ስቆበት ነበር። ከሺህ ሁለት መቶ ወደ ስምንት መቶ የሚወርድ ምን ዓይነት ሞኝ ነው! በማግስቱ ጠዋት ራሱ ደወለለት። ስለ ክፍያው አንድ ቃል አላነሳም። «እዚያ አንድ ክፍል ቤት ስንት ይከራያል?» አለ። ተቋራጩ ነገረው፤ ሰውየው ወደ ቀን መነዘረው፤ ሦስት ቀን ሆነ። «ከቤት ወደ ሥራውስ በእግር ያስኬዳል?» «ያስኬዳል።» በቃ፣ ስቱኮ የሚቀባበትን ስፓቱላ ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ ከተተ። እትዬ አስካለ ሻንጣውን ሲያዩ ከልባቸው አዘኑ። «ምነው ልጄ፣ ብትነግረኝ እቀንስልህ አልነበረም?» አሉት። ስንት እንደሚቀንሱ ግን አልተናገሩም፤ እሱም ቆሞ አልጠበቀም።

አዲሱ ከተማ በገባ በሳምንቱ ሚስቱ ልጇን ይዛ ከአውቶቡስ ወረደች። ሰውየው እጁን ዘርግቶ «የኔ እናት፣ ነይ፣ አባዬ ነኝ» አላት። ልጅቱ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ከዚያ የእናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጉጣ፣ እናቷ የያዘችውን ስልክ እያመለከተች «አባዬ እዚህ ነው» አለችው። አባቷ ከስልኩ መውጣቱን ለማመን ሁለት ወር ፈጀባት።

ልጄ፣ ያንተም ነገር ይኸው ነው። «እጥፍ ይከፍላሉ» አልከኝ፤ እውነትህን ነው፣ ይከፍላሉ። ግን የሚሰጡህን ጠይቀህ የሚወስዱብህን ሳትጠይቅ ነው የመጣኸው። ጉልበቱን ሸጦ የሚያድር ሰው ያለው ሀብት ብር አይደለም፣ ቀን ነው። እዚህ ከወሩ ስንት ቀን ለቤትህ እንደሚተርፍ ቁጠር፤ የዚያንም ከተማ እዚያ ያለ ሰው ጠይቀህ በዚያው መለኪያ ቁጠር። እዚያ የሚተርፈው ከበለጠ ሂድ፤ እኔ እግርህን አልያዝኩም። ደግሞስ እኔን ምን አስጠየቀህ? ሚስትህ ያውና በሩ ላይ ቆማ እየሰማችን ነው። ከወሩ ስንት ቀን ባል እንደምትፈልግ እሷን ጠይቃት።