በሱቅ የሚቀዘቅዝ፣ በቤት የሚነድ ኮምፒውተር

አንድ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር በአንዲት ቆላ ከተማ ይኖር ነበር። ደምሰው ይባላል። ወገቡ ከመሪ ካሰናበተው በኋላ ቤት መዋሉ አልሆንልህ ሲለው፣ በስክሪን ላይ ከባድ መኪና የሚያስነዳ ጌም መኖሩን ሰማና ኮምፒውተር ገዛ። የሸጠለት ንጋቱ ነው። ንጋቱ በወጣትነቱ የደምሰው ረዳት ሆኖ ጎማ ሲቀይር፣ ሸራ ሲያስር፣ ጭነት ላይ ሲተኛ ያደገ ሰው ነው። አሁን በከተማዋ ዋና መንገድ ላይ የኮምፒውተር ሱቅ አለው። መሪውንና ፔዳሉን ራሱ መጥቶ ገጠመለት።

«ጋሼ፣ እርስዎ መንዳት አስተማሩኝ። እኔ ደግሞ ወገብዎን ሳያምዎት የሚነዱበትን አመጣሁልዎ» አለው።

ደምሰው እንደ ልጅ ተደሰተ። ከሰዓት ላይ ጎረቤቱ ብቅ ብሎ «ዛሬ የት ደረስክ?» ሲለው፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል «ጀርመን ብረት አራግፌ ባዶዬን እየተመለስኩ ነው፤ ከፈለግክ እግረ መንገዴን ላድርስህ» ይለዋል።

ንጋቱ ሲሄድ አንድ ነገር አስጠንቅቆት ነበር። በስክሪኑ ጥግ ላይ የግራፊክስ ካርዱን ሙቀት የሚያሳይ ቁጥር አለ። ካርዱ የጌሙን ምስል የሚሠራው የኮምፒውተሩ ክፍል ነው፤ ሥራ ሲበዛበት ይሞቃል፤ የሚያቀዘቅዙት የራሱ ማራገቢያዎች አሉት። «ይህን ቁጥር እንደ ሞተር ሙቀት ጌጅ ይዩት። ዘጠናን ካለፈ ያቁሙ» ብሎታል።

ደምሰው ዕቃ አያያዝ የሚያውቅ ሰው ነው። በሥራ ዘመኑ ሸራ ያልለበሰ ጭነት ይዞ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም። የከተማዋ አቧራ በመስኮት እየገባ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ሲያርፍ አላስችል አለው። የጭነት ሸራ የሚሰፋ ወዳጁ ዘንድ ሄዶ በልኩ አሰፋለት። ለሽቦዎቹና ለማብሪያው ቀዳዳ ተበጀለት፤ ከታች ማጥበቂያ ገመድ ገባለት። ኮምፒውተሩን አለበሰና ገመዱን ጥብቅ አድርጎ አሰረ። ጎረቤቱ አይቶ «ለሚስትህ እንኳ ይህን የመሰለ ልብስ አሰፍተህ አታውቅም» ብሎ ሳቀበት።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። ሰማንያ አምስት፣ ዘጠና፣ ዘጠና አምስት። መኪናው ቁልቁለት ላይ እያለ ምስሉ ይንተባተብና ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል። ደምሰው ደነገጠ። ወለሉን ውሃ ረጨ። ትልቅ ማራገቢያ ገዝቶ ፊት ለፊቱ አቆመ፤ ነፋሱ ሸራውን እየመታ ከመመለስ በቀር የፈየደው የለም። እርጥብ ፎጣ ጣል አደረገበት። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

ሸራውን ፈታ፤ ለመሸከም አይመችም ብሎ ቤት ተወው፤ ኮምፒውተሩን ንጋቱ ሱቅ ወሰደ። ንጋቱ ጌሙን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ አስኬደው።

«ይኸው፣ ስልሳ ስምንት ነው ጋሼ።»

«እኔ ቤት ዘጠና አምስት ነው የሚለው።»

«ክፍሉ ይሞቅ ይሆን?»

«አንተ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጠህ የእኔ ክፍል ይሞቃል ትለኛለህ?»

ደምሰው ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ኮምፒውተሩን አስቀመጠ፤ ሸራውን አለበሰ፤ ጌሙን ከፈተ። ዘጠና አምስት። ድርግም አለ። በሌላ ቀንም ይዞት ሄደ፤ ሱቁ ውስጥ ቀዘቀዘ፤ ቤት ሲገባ ነደደ። ደምሰው ተንኮል ሸተተው። ንጋቱ የሚያውቀውና የሚደብቀው ነገር ከሌለ፣ አንድ ዕቃ በእሱ እጅ እንዲህ፣ በእኔ እጅ እንዲያ የሚሆነው በምን ምክንያት ነው? ብሎ ራሱን ጠየቀ። ጥያቄው ትክክል ነበር። መልሱን ግን ሳይፈልግ ወሰነ።

በገበያ ቀን ኮምፒውተሩን ይዞ ንጋቱ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ፣ ተራራ ላይ ረዳቱን ይጣራበት በነበረው ድምፅ ጮኸ።

«ሰዎች ስሙኝ! ይሄ ያሳደግኩት ልጅ ያገለገለ ካርድ በአዲስ ካርቶን አድርጎ ሸጠልኝ! እዚህ ሲሆን ይቀዘቅዛል፣ እኔ ቤት ሲገባ ይነዳል። ምን እያደረገ እንደሚያታልለኝ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ!»

መንገዱ ቆመ። ባጃጆች ሳይቀሩ ቆሙ። «እኔም ከሱ የገዛሁት ቻርጀር ሳምንት አልቆየም» አለ አንዱ። «ድሮም ሲስቅ ደስ አይለኝም ነበር» አለች ሌላዋ።

የንጋቱ ፊት አመድ መሰለ። «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት ይህን የሚሉኝ?» አለ። ከዚያ ከመደርደሪያው አዲስ ካርድ አወረደ። «የመጀመሪያው ከአስመጪው ሲመጣ ተበላሽቶ ይሆናል። እኔ ውስጡን አላየሁም። ይኸው፣ እሽጉን በራስዎ እጅ ይቅደዱት።»

ይህን ማለቱ ጎዳው። የተናገረው በቅንነት ነው፤ የቆመው ሕዝብ ግን ጥፋቱን እንዳመነ ቆጠረው። ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው ውስጡን ማየት አይችልም፤ የሚገዛው የሻጩን ስም ነው። ያን ዕለት የንጋቱ ስም መንገድ ላይ ወደቀ።

ደምሰው እሽጉን በራሱ እጅ ቀደደ። ካርዱ ሲገጠም ዓይኑን ሳይነቅል አየ። ቤቱ ገባ፤ ሸራውን አለበሰ፤ ጌሙን ከፈተ።

ዘጠና አምስት።

በድንጋጤ ከወንበሩ ተነሳ። እንደገና ሄዶ ሊጮህ ጫማውን አጠለቀ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ግን እግሩ አልሄድ አለው። እሽጉን የቀደደው ራሱ ነው። ይህኛው ካርድ አገልግሏል ሊል አይችልም። ታዲያ ምንድን ነው? ለመጀመሪያ ጊዜ ተመልሶ ኮምፒውተሩን ከላይ እስከ ታች በእጁ ዳሰሰ። ሽቦዎቹ በሚወጡበት ቀዳዳ ጣቱን ሲያስገባ አቃጠለው። በሸራውና በኮምፒውተሩ መካከል ያለው አየር የምድጃ አፍ ሆኗል። ማራገቢያዎቹ መውጫ ያጣውን ያንኑ ትኩስ አየር መልሰው መላልሰው ይስቡታል።

ገመዱን ፈታ፤ ሸራውን ገፈፈ። ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። ሰማንያ፣ ሰባ አምስት፣ ሰባ። አላመነም። ሸራውን መለሰ፤ ቁጥሩ ወጣ። ገፈፈው፤ ወረደ። በሱቅና በቤቱ መካከል የነበረው ልዩነት ይኸው ነበር፤ ልዩነቱን የሠራው ራሱ ነው። ሸራውን እንደታቀፈ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ጌሙ ውስጥ መኪናው ያለ ሾፌር ከመንገድ ወጥቶ ቆመ።

በማግስቱ ንጋቱ ሱቅ ሄደ። ወትሮ ወጣቶች የሚሰበሰቡበት ደጃፍ ጭር ብሏል። ኮምፒውተሮች ሊገዛ የነበረው ትምህርት ቤትም ሐሳቡን ቀይሮ ሌላ ሱቅ ሄዷል። ደምሰው የሆነውን ሁሉ ሳይደብቅ ነገረው።

«ሸራ?» አለ ንጋቱ። «የጭነት ሸራ?»

«የጭነት ሸራ።»

«ጋሼ፣ ለደጋው ብርድ የመኪናው ራዲያተር ፊት ያቆምነውን ካርቶን፣ ሞተሩ እንዳይግል ቆላ ሳንገባ አንሳ እያሉ ይጮሁብኝ የነበሩት እርስዎ አልነበሩም?»

«እኔ ነበርኩ። ይቅር በለኝ ልጄ።»

«እኔ ይቅር ብዬዎታለሁ» አለ ንጋቱ። «ግን ያን ቀን የሰማሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። እባክዎ ውጪ ወጥተው ይንገሩልኝ።»

ደምሰው የገበያ ቀን ጠብቆ እዚያው ደጃፍ ቆመ። በዚያው ድምፅ ጮኸ። «ሰዎች ስሙኝ! ንጋቱ አላታለለኝም! ጥፋቱ የእኔ ነው! ዕቃው ደህና ነው!»

መንገዱ አልቆመም። ባጃጆቹ አለፉ። አንዱ ወደ ጓደኛው ዞሮ «ምን ሆኖ ነው?» ሲለው፣ ሌላው «ታርቀው መሆን አለበት፤ አፉን በገንዘብ ዘግቶት ይሆናል» አለና ሳቀ። ደምሰው አንዱን በክንዱ ያዘው። «አልሰማህም እንዴ? ሸራ አልብሼው ነው የነደደው፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት!» ሰውየው «እሺ አባባ፣ እሺ» ብሎ ክንዱን አስለቅቆ ሄደ። ደምሰው አፉን ከፍቶ ቀረ። ድምፁ ያው ድምፅ፣ ቦታው ያው ቦታ ነው። ውሸቱን ሊሰማ የቆመው ሕዝብ እውነቱን ለመስማት ጊዜ አልነበረውም።

ክረምቱ ሳይወጣ ንጋቱ ሱቁን ዘግቶ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። የደምሰው ኮምፒውተር ዛሬም ሰባ ዲግሪ ላይ ይሠራል፤ ምንም እንከን የለበትም።

የነደደ ካርድ ሸራው ሲነሳለት ወዲያው ይቀዘቅዛል። በአደባባይ የተቃጠለ ስም ግን ያቃጠለው ሰው ራሱ እየጮኸ ቢመሰክርለትም ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ አንድ ነገር በሌላው እጅ ደህና ሆኖ በእኛ እጅ ሲበላሽ፣ ሌላውን ከመክሰሳችን በፊት የእኛ እጅ የጨመረበትን እንመርምር። በጥንቃቄና በፍቅር ያደረግነውንም ቢሆን አንለፈው፤ ደምሰው ሳይፈትሸው ያለፈው የሚኮራበትን ነገር ነው።

እርስዎስ ዛሬ በማን ላይ ሊጮሁ ተነሥተዋል? ከመጮህዎ በፊት የራስዎን እጅ ሥራ ገልጠው አይተዋል?